ነፋስ ከሚመጣበት በኩል፦ የአባዳን የኩባንያ ሰፈሮች ታሪክ

ኢራን ውስጥ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ራስጌ፣ አባዳን የምትባል ከተማ አለች። ነፋሷ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። የነዳጅ ማጣሪያው ጭስና የሰልፈር ሽታ እንግዲህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል ማለት ነው። ብሬም የሚባለው የእንግሊዛውያን ሰፈር የተቆረቆረው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ወንዝ ዳር ነው። ባዛሩና የአብዛኛው ኢራናዊ ሠራተኛ መኖሪያ ደግሞ ከማጣሪያው ወዲያ፣ ጭሱ ከሚያርፍበት በኩል ሆነ። ያን ዘመን ማን ምን ያህል ይከበር እንደነበር ለማወቅ ካርታውን ዘርግቶ ማየት ይበቃል።

ስለ አባዳን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነዳጁ፣ ነዳጁን ለአገራቸው ስለወረሱት ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ሞሳዴቅና እሳቸውን ስላወረደው መፈንቅለ መንግሥት ነው። እኔ ግን ቤቶቹን ተከትዬ ልሂድ። በ1951 እንግሊዞችን ከዚያች ከተማ ያስወጣው ጠብ ቴህራንና ለንደን ላይ በሮያሊቲ (ኩባንያው ለኢራን በሚከፍለው የነዳጅ ድርሻ) ስሌት ብቻ የተጧጧፈ አይመስለኝም። ሠራተኛው ማታ ማታ የሚገባበት ቤትም ድርሻ ነበረው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ እንግሊዞቹ ከሄዱ በኋላ በቤቶቹ ላይ የሆነው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሼኩ ያከራዩት ጭቃ

ዊሊያም ኖክስ ዳርሲ በአውስትራሊያ ወርቅ የከበረ እንግሊዛዊ ነበር። በ1901 ከፋርስ (ከዛሬዋ ኢራን) ሻህ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ለ60 ዓመት የሚቆይ የነዳጅ ፈቃድ አገኘ። መንግሥት ከተጣራው ትርፍ 16 በመቶ እንዲደርሰው ተዋዋሉ። ዳርሲ ራሱ ፋርስን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ቁፋሮው ዓመታት ፈጀ፤ ገንዘቡም ተሟጠጠ። በርማ ኦይል የተባለው ኩባንያ ገብቶ ባይደግፈው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። በመጨረሻ ሜይ 26 ቀን 1908 መስጂድ ሱለይማን የሚባል ተራራማ ቦታ ላይ ነዳጁ ተስፈንጥሮ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት አንግሎ-ፐርሺያን የነዳጅ ኩባንያ ተቋቋመ። ዛሬ ቢፒ የምንለው እሱ ነው።

ነዳጁ ያለው ተራራ ላይ ነው፤ መርከቡ የሚቆመው ደግሞ ባሕር ዳር። በመካከል ወደ 220 ኪሎ ሜትር ቧንቧ መዘርጋት ነበረበት። ቧንቧውን ወደ ተራራው ያወጡት በቅሎዎች ናቸው። የቧንቧው ጫፍ ያረፈው አባዳን ላይ ሆነ። አባዳን በሻት አል-አረብና በባህማንሺር ወንዞች መካከል የተዘረጋች ረጅም ደሴት ናት። በዚያን ጊዜ የነበራት ቴምር፣ ጭቃ፣ ጥቂት የአረብ መንደሮችና የማይቻል ሙቀት ነበር። በጋ ላይ ከ45 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ ከወንዙ የሚነሳው ወበቅ ይጨመርበታል።

መሬቱን ያከራዩት የቴህራን ሹማምንት አልነበሩም። በአካባቢው እንደ ንጉሥ የሚኖሩት የሞሐመራው (የዛሬዋ ኾራምሻህር) ሼክ ኻዝአል ነበሩ። በ1909 የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ፐርሲ ኮክስ አደራድሮ፣ አንድ ስኩዌር ማይል መሬት በዓመት 650 ፓውንድ ተከራየ። ማዕከላዊው መንግሥት በዚያ አገር ላይ የነበረው ሥልጣን የስም ነበር። እናም ኩባንያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሱን እንደ ተከራይ አላየም። ፖሊሱ፣ ውሃው፣ ሐኪሙ፣ መንገዱ፣ ሁሉም እሱ ነው። ማጣሪያው በ1912 ሥራ ጀመረ። በ1914 ቸርችል የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ለማዞር ሲነሳ፣ መንግሥቱ የኩባንያውን 51 በመቶ ድርሻ ገዛ። ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ጉዳይና የግዛተ አፄው ጉዳይ መለያየቱ ቀረ።

ሠራተኛውስ ከየት መጣ? በርማ ኦይል በበርማዋ ራንጉን ላይ ማጣሪያ ስለነበረው፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ከዚያ መጡ። ከሕንድ ጸሐፊውም፣ መካኒኩም፣ ምግብ አብሳዩም መጣ። የጉልበቱን ሥራ የያዙት የአካባቢው አረቦች፣ ከተራራ የወረዱ ባክቲያሪዎችና ሉሮች ነበሩ። ከወንዙ አጠገብ፣ ከማጣሪያው ጥግ፣ የራንጉኒዎች መስጂድ የሚባል አለ። የሠሩት ከበርማና ከሕንድ የመጡት ሠራተኞች ናቸው። ፊት ለፊቱ በሲሚንቶ ቅርጻ ቅርጽና በቀለም ያሸበረቀ፣ በኢራን ምድር ከሚታየው የመስጂድ አሠራር ጋር የማይገጥም ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሌላው ቅርሳቸው በመንገድ ዳር ይጠበሳል፦ የአባዳን ሳምቡሳ። ድንች የተሞላ፣ የሚያቃጥል፣ ሦስት ማዕዘን። የእኛዋ ሳምቡሳ የቅርብ ዘመድ ናት።

እነዚህ ሕንዳውያን ዝም ብለው የሚገዙ አልነበሩም። በ1920 ስለ ደሞዝና ስለ አኗኗራቸው አድማ መቱ፤ በ1922ም ደገሙት። ኩባንያው ብዙዎቹን ወደ አገራቸው መለሳቸው። ያም ሆኖ ጸሐፊና ባለሙያ ስላስፈለገው ሌሎችን ማምጣቱን አላቆመም። በ1929 ደግሞ ተራው የኢራናውያን ሆነ። አድማው ቶሎ ታፈነ፤ መሪዎቹ ታሰሩ። የንጉሡ የሬዛ ሻህ መንግሥትና ኩባንያው በብዙ ነገር ባይስማሙም፣ በዚህ ላይ ግን አልተጣሉም።

ቤቱ የማን ነው?

በ1932 ሬዛ ሻህ የዳርሲን ውል ሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ውል ተፈረመ። ውሉ ኢራናውያንን ቀስ በቀስ በውጭ ዜጎች ቦታ ለመተካት ቃል ይገባል። ቃሉ ወረቀት ላይ ሲወርድ ትምህርትና ቤት ሆነ፦ ኢራናዊ ሹም ካለ፣ ኢራናዊ ሹም የሚኖርበት ቤት ያስፈልጋል። የቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1939 ተከፈተ። የከተማ ፕላኑ ሥራ ጄምስ ሞሊሰን ዊልሰን ለተባለ አርክቴክት ተሰጠ። ዊልሰን ኒው ዴልሂ ስትታነጽ የኤድዊን ሉተንስ ረዳት ነበር፤ ኋላም ኢራቅ ውስጥ የሕዝባዊ ሥራዎች ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። የቅኝ ግዛት ከተማ እንዴት እንደሚሠራ ልምዱ አለው።

የዊልሰን አባዳን በመጠኑም ቢሆን ቆንጆ ናት ብል አላፍርም። ባዋርዳ የሚባለው ሰፈር ከማጣሪያው ባሻገር የተሠራ የአትክልት ከተማ ነው። መንገዶቹ ጠመዝማዛ፣ አደባባዮቹ ክብ፣ ቤቶቹ ከጡብ፣ አጥሮቹ ቁጥቋጦ ናቸው። ሐሳቡ እንግሊዛዊና ኢራናዊ ባለሙያ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ነበር። ኩባንያው ሲተች የሚያወጣት ማሳያውም ባዋርዳ ነበረች። ግን ባዋርዳ የገቡት በብዛት ባለትዳር ኢራናውያን ሠራተኞች ሆኑ። ብሬም ደግሞ ብሬም ሆኖ ቀረ።

ብሬም ግባ። ጠፍጣፋው ጭቃ መሬት ላይ የእንግሊዝ ሣር በቅሏል፤ የወንዙ ውሃ ቀን ከሌት ያጠጣዋል። ቤቶቹ ሰፊ በረንዳ ያላቸው፣ ለነፋስ የተከፈቱ ናቸው። የጀልባ ክበብ አለ። ጂምካና ክበብ አለ፤ እዚያ የሚገባው ትልልቁ ሹም ብቻ ነው። ከብሬም ወጥተህ ወደ ከተማው ስትሄድ ባዶ ሜዳ ይመጣል፤ ከዚያ ቧንቧ፣ ከዚያ የማጣሪያው ግንብ። ሰፈርና ሰፈር እንዳይነካካ በመካከሉ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። አውቶቡሱ በደረጃ ነው። ሲኒማው በደረጃ ነው፦ ታጅ የተባለው ባለ ጡቡ ሲኒማ ለሹማምንቱ፣ ለተራው ሠራተኛ ሌላ። ኩባንያው ቅጥሩን በሦስት ይከፍለዋል፦ ከፍተኛ ሠራተኛ፣ ዝቅተኛ ሠራተኛ፣ የቀን ደሞዝተኛ። ሕጉ ላይ ዘር አልተጻፈም። ከላይኛው ረድፍ ላይ የሚገኘው ግን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አሁን ወደ ታች ውረድ። ለደሞዝተኛው ባህማንሺር በሚባለው በኩል ኩባንያው የሠራቸው ረድፍ ረድፍ ቤቶች አሉ፤ ጠባብ ናቸው፣ ግን ቤት ናቸው። የደረሳቸው ዕድለኞች ነበሩ። አብዛኛው ሰው በራሱ ጥረት አህመዳባድ ውስጥ ተጨናንቆ ይኖራል። ከእሱም በታች ካጋዛባድ ነበረ፤ የወረቀት ከተማ ማለት ነው። የጎጆው ግድግዳ ካርቶንና ጆንያ፣ ጣሪያው ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የዘይት በርሜል። ውሃ የለም፣ መብራት የለም። በዝናቡ ወራት ሜዳው ኩሬ ይሆናል። በበጋ ያ ዝገታም ቆርቆሮ ከላይ ይግላል። ከዚያ ቦታ የማጣሪያው እሳት ሌሊቱን ሙሉ ይታያል። በዓለም ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያ ነው የሚባልለት በዚያ ዘመን!

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። የኩባንያ ቤት ቤት ብቻ አይደለም። የሥራ ውል አካል ነው። ሥራህን ስትለቅ ቤትህን ትለቃለህ። ዕድገት ስታገኝ ቤት ትቀይራለህ፤ ልጆችህ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፤ ሚስትህ ጎረቤት ትቀይራለች። ከአለቃህ ጋር ተጣልተህ ከተባረርክ፣ ማታ ወዴት እንደምትገባም ማሰብ አለብህ። ይህ አሠራር ሰውን አደብ ያስገዛል፤ ኩባንያውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያላሰበበት ሌላኛውን ወገን ነው። ሰፈርህ ደረጃህ ከሆነ፣ ማንኛውም የደሞዝ ጥያቄ የሰፈር ጥያቄ ይሆናል። ማንኛውም የሰፈር ቅሬታም ወዲያው የአገር ጉዳይ ይሆናል፤ ምክንያቱም አጥሩ የሚለየው አገሬውን ከባዕዱ ነው። ወንጂ ላይ የሆላንዶቹ ኤች ቪ ኤ ስኳር ፋብሪካ ሠፈር ያደገ ሰው ይህን ብዙ ሳላብራራለት ይገባዋል።

1946፣ የዓርብ ደሞዝ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና ሶቪየት ኢራንን ያዙ። ሬዛ ሻህ ወረዱ፤ ማኅበራትና ፓርቲዎች ነፍስ ዘሩ። አባዳን ውስጥ የኮሚኒስቶቹ የቱዴህ ፓርቲ የሠራተኛ ማኅበር ሥር ሰደደ። በ1946 የሜይ ዴይ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት ተናጋሪ ወጥታ ነዳጁ ወደ ሕዝብ ይመለስ አለች። ሞሳዴቅ ያንን ነገር ሕግ ሊያደርጉት ገና አምስት ዓመት ይቀራል።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትልቁ አድማ ፈነዳ። መነሻው የዓርብ ደሞዝ ነበር። አዲስ የወጣው የሠራተኛ ሕግ የዕረፍት ቀን እንዲከፈል ይላል፤ ኩባንያው አልከፍልም አለ። አባዳን ባለችበት በኹዜስታን አውራጃ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ሥራ አቆመ። ምግብ አብሳዩና የቤት ሠራተኛው ሳይቀር ወጣ፤ የብሬም ወይዛዝርት ድስት ይዘው ምድጃ ፊት ቆሙ። ከዚያ ነገሩ ከፋ። በማኅበሩ ደጋፊዎችና ኩባንያው ይረዳቸው በነበሩ የአረብ ጎሣዎች መካከል ግጭት ተነሳ፤ በዚያ ላይ ወታደር ተኮሰ። በብዙ አሥር የሚቆጠር ሰው ሞተ። እንግሊዝ የጦር መርከቦቿን ወደ ሻት አል-አረብ አስጠጋች። በኋላም ከሕንድ ወታደሮች አምጥታ በኢራቋ ባስራ ላይ አሰፈረች። ኩባንያው በመጨረሻ የዓርቡን ደሞዝ ከፈለ።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በእርግጥ ብዙ ሠራ። ይህን መካድ አይገባም። ከጦርነቱ ማብቂያ እስከ 1950 አዳዲስ ሰፈሮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች ተሠሩ። በ1950 መጀመሪያ የዓለም የሥራ ድርጅት ልዑክ መጥቶ ሁኔታውን አጥንቷል፤ ኩባንያውም ሪፖርቱን ለመከላከያው ተጠቅሞበታል። ግን ቤቱ እየተሠራ ሳለ ሰዉ ከቤቱ በበለጠ ፍጥነት ይመጣል። ከገጠር፣ ከተራራ፣ ከኢስፋሃን፣ ከሽራዝ ሥራ ፍለጋ የሚጎርፈውን የሚያቆመው የለም። በ1956 ቆጠራ ሲደረግ ከተማዋ 226 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ቴምር የነበረ ቦታ ላይ ነው ይህ ሁሉ።

በኔ ግምት ትልቁ ስሕተት የቤት ማነስ አልነበረም። ቤት ያነሰባት ከተማ በዓለም ሞልታለች። ስሕተቱ እጥረቱ በግልጽ፣ በዓይን የሚታይ መልክ መያዙ ነው። ካጋዛባድ ያለ ሰው ብሬም ላይ ሣሩ ውሃ ሲጠጣ ያያል።

አበል የቆረጠ ሳምንት

በ1950 መጨረሻ ሳውዲ አረቢያና የአሜሪካኖቹ የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ትርፍ እኩል ለእኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። አንግሎ-ኢራንያን (የአንግሎ-ፐርሺያን ስም በ1935 ተቀይሯል) ግን ለእንግሊዝ መንግሥት የሚከፍለው ግብር ለኢራን ከሚከፍለው ሮያሊቲ ይበልጣል። ይህን ቴህራን ውስጥ የማያወራ ሰው አልነበረም። ማርች 1951 ላይ ፓርላማው ነዳጁን ወረሰ፤ ሴኔቱ ማርች 20 ቀን አጸደቀው።

አሁን ልብ በሉ። አገሩ በሙሉ እየነደደ፣ ልክ በዚያው ሰሞን፣ ኩባንያው ባንዳር ማሹር በሚባለው ወደብ ያሉ ሠራተኞችን አበል ቆረጠ። አበሉ ሩቅና አስቸጋሪ ቦታ ለሚኖሩ የሚሰጥ ነበር። ኩባንያው አካባቢው ተሻሽሏል፣ ስለዚህ አበሉ አያስፈልግም አለ። በሒሳብ ያስኬድ ይሆናል። ግን ማነው በዚያ ሳምንት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚፈርመው? ኩባንያው ከ40 ዓመት በኋላም የሚኖርበትን አገር እንደማያውቀው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም። ወዲያው አድማ ተነሳ። ወደ አባዳንም ተዛመተ። ኤፕሪል ላይ በተነሳው ብጥብጥ ሦስት እንግሊዛውያንን ጨምሮ ሰዎች ተገደሉ። ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ። ሞሳዴቅ በኤፕሪል 28 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚያ ያለው ወራት የወረቀት ጦርነት ነው። አዲሱ የኢራን ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ፣ በመህዲ ባዛርጋን የሚመራ ቦርድ ወደ አባዳን ላከ። ቦርዱ ነዳጅ የሚጭኑ መርከብ አዛዦች ነዳጁ የኢራን መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ እንዲፈርሙ ጠየቀ። ኩባንያው እምቢ አለ፤ መርከቦቹን ወሰደ። የአባዳን የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች ሞሉ፤ የሚጭን ጠፋ። ጁላይ መጨረሻ ላይ ማጣሪያው ቆመ። የኩባንያው ኃላፊ ኤሪክ ድሬክ አስቀድሞ ከአገር ወጥቶ ነበር። ለእንግሊዛውያን መሐንዲሶች ለአዲሱ ኩባንያ ተቀጥረው እንዲቆዩ ግብዣ ቀረበላቸው። አንድ ሆነው አይሆንም አሉ።

እንግሊዝ አባዳንን በኃይል ለመያዝ ዕቅድ ነበራት። አሜሪካ ግን አልደገፈችውም። የጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ካቢኔ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ጦር አይላክም ብሎ ወሰነ። ኦክቶበር 4 ቀን 1951 የቀሩት ሦስት መቶ ያህል እንግሊዛውያን ጂምካና ክበብ ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ሚስትና ልጅ ከወራት በፊት ሄዷል። የውሻው፣ የዕቃው፣ የጎልፍ ዱላው ነገር አልቋል። በትንንሽ ጀልባዎች ወንዙን ተሻግረው ሞሪሸስ ወደምትባለው የጦር መርከብ ወጡ፤ መርከቧም ወደ ባስራ ይዛቸው ሄደች። ኢራናውያን ክበቡ ውስጥ እንዳይገቡ ሲከለከሉ ኖረው፣ የመጨረሻው ስንብት የሆነው እዚያው ክበብ ደጃፍ ላይ ነው።

አጥሩ ቀረ

የሚቀጥለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በነዳጇ ላይ የተጣለው እገዳ ኢራንን አደከማት። በኦገስት 19 ቀን 1953 ሞሳዴቅ በእንግሊዝና በአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች በተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። በ1954 የነዳጅ ኩባንያዎች ኅብረት (ኮንሶርቲየም) ተቋቋመ፦ ለቢፒ 40 በመቶ፣ ለአሜሪካኖቹ 40፣ ለሼል 14፣ ለፈረንሣዩ ኩባንያ 6።

የውሉ አንድ አንቀጽ ግን ብዙም አይወራለትም። ሥራው በሁለት ተከፈለ። ነዳጅ ማውጣቱና ማጣራቱ የኮንሶርቲየሙ ሆነ። ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርቱ፣ መጓጓዣው ደግሞ የኢራኑ ብሔራዊ ኩባንያ ኃላፊነት ሆነ። ያው ነዳጁን ለውጭ ሰው፣ የቤት ጣጣውን ለአገሬው ማለት ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ኩባንያውን ሲያሰድበው የኖረው ነገር በሙሉ በአንድ ፊርማ ወደ ኢራናዊው ትከሻ ዞረ። ብልጠት ነው። የኮንሶርቲየሙ ተደራዳሪዎች ከ1946 እና ከ1951 የተማሩት ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል።

ኢራናውያን መሐንዲሶችና ሹማምንት እያደጉ ሲመጡ ብሬም ገቡ። ጂምካናም ገቡ። ታጅ ሲኒማም ገቡ። ማንም ግን ደረጃውን አላፈረሰም። ቤት በደረጃ መሰጠቱ ቀጠለ፤ ክበብ በደረጃ መሆኑ ቀጠለ። የተለወጠው ከላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ያን ጊዜ አባዳን ያደጉ ሰዎች ከተማቸውን በፍቅር ነው የሚያነሷት፦ መዋኛው፣ የአውሮፓ ፊልሞቹ፣ አየር ማረፊያው፣ እግር ኳሱ። ሳናት ናፍት የሚባለው የከተማው ቡድን ቢጫ ማልያ ለብሶ ሲወጣ ደጋፊው አባዳንን ብራዚል ነሽ ይላታል። ይህ ውብ ትዝታ እውነት ነው። አህመዳባድ ያደገ ሰው የሚያወራው ሌላ ትዝታም እንደዚያው እውነት ነው።

ቢፒ በበኩሉ አባዳንን ካጣ በኋላ ፊቱን ወደ እኛ ሠፈር አዞረ። ኤደን ላይ፣ ትንሿ ኤደን በምትባለው ልሳነ ምድር፣ አዲስ ማጣሪያ ሠርቶ በ1954 ከፈተ። አጠገቡም የሠራተኛ መንደር ቆረቆረ። ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ ደግሞ በ1967 ሶቪየቶች የሠሩት የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። የኤደኑ ማጣሪያ በ1977 ለደቡብ የመን መንግሥት ተላለፈ፤ የአሰቡ በ1997 ተዘጋ። ትንሿ ኤደን የአባዳን ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባዳን ውስጥ ቁጣው በ1978 እንደገና ገነፈለ። በኦገስት 19 ሬክስ ሲኒማ ሰዉ ውስጡ ሳለ በሮቹ ተዘግተው ተቃጠለ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ ተብሎ ይገመታል። ቀኑ ሞሳዴቅ የወረዱበት ቀን 25ኛ ዓመት ነው። ያን ዓመት መከር ላይ የማጣሪያው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ የነዳጅ ሠራተኞች አድማ የሻሁን መንግሥት ወገብ ሰበረ። የመጨረሻዎቹ የውጭ ሠራተኞች ሄዱ።

ከዚያ ጦርነቱ። በሴፕቴምበር 1980 የኢራቁ ሳዳም ጦር ገባ። በቀን 600 ሺህ በርሜል የሚያልፍ አቅም የነበረው ማጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተደበደበ። ከተማዋ ለአንድ ዓመት ያህል ተከበበች፤ ከበባው የተሰበረው በሴፕቴምበር 1981 ነው። በ1976 ወደ 300 ሺህ ሕዝብ የነበራት አባዳን፣ በ1986ቱ ቆጠራ 6 ሰው ተመዘገበባት። ስድስት። የብሬም ሹምም፣ የአህመዳባድ ደሞዝተኛም አንድ ላይ ተፈናቃይ ሆኑ።

ማጣሪያው በ1989 ተጠግኖ ሥራ ጀመረ። ሰውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ብዙዎቹ ግን በተሰደዱበት በሽራዝ፣ በኢስፋሃንና በቴህራን ቀሩ። የራሳቸው ያልነበረ ቤት ወደ አባዳን አልጠራቸውም። የኩባንያ ቤት ለሚመለስ ሰው አይቆይም፤ የሚቆየው ለሚሠራ ሰው ነው።

ታጅ ሲኒማ አሁን የነዳጅ ሲኒማ ይባላል። የ1939ኙ የቴክኒክ ኢንስቲትዩት የነዳጅ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ብሬምና ባዋርዳ አሁንም ዛፍ የሞላባቸው፣ ጸጥ ያሉ ሰፈሮች ናቸው፤ ቤቶቹም የነዳጅ ኢንዱስትሪው ንብረት ናቸው። የሚሰጡት ለሠራተኛ ነው፤ ጡረታ የወጣ ያስረክባል። በ2018 በጋ የአባዳንና የኾራምሻህር የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ሆኖ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ፣ ማጣሪያው ሥራ ላይ ነበር።